ስለ አንዲት ካርድ ወደ ኒድ የተደረገ ሽምግልና

ከአዲስ አበባ የተነሣሁት የከተማዋ ባቡር ሐዲድ ገና በሚዘረጋበት፣ ታክሲዎች የተቆፈረውን መንገድ እየሸሹ በውስጥ ለውስጥ በሚሽሎከለኩበት ዘመን ነው። የጉዞዬ ዓላማ አንድ ነበር፤ የእኅቴን ልጅ ሰናይትን ማየት። ሰናይት ለትምህርት ጀርመን ሄዳ በዚያው ሥራ የያዘች የሶፍትዌር መሐንዲስ ናት። «ጋሼ፣ ጡረታ ወጥተዋል፤ አሁን ደግሞ ምን ምክንያት ያቀርባሉ?» ብላ ቲኬቱን ላከችልኝ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደንብና መመሪያ ሳረቅቅ የኖርኩ ሰው ነኝና ምክንያት አጥቼ አላውቅም፤ ያን ጊዜ ግን አላገኘሁም።

ኖርድኤንድ

ፍራንክፈርት ስደርስ ማለዳ ነበር። ሰናይት ካፖርት ይዛ ትጠብቀኝ ስለነበር ብርዱ ከእርሷ በኋላ ደረሰብኝ። ከአውሮፕላን ማረፊያው በባቡር፣ ከዚያም በትራም ኖርድኤንድ ወደሚባለው ሠፈር ሄድን። ቤቷ አሳንሰር በሌለው አሮጌ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በየፎቁ ቆሜ የግድግዳውን ሥራ ያደነቅኩ መሰልኩ፤ እርሷም ትንፋሽ እየሰበሰብኩ መሆኔን እያወቀች አብራኝ አደነቀች።

ለምሳ በአረንጓዴ ወጥ የተጥለቀለቀ ቅቅል ዕንቁላልና ድንች አቀረበችልኝ።

«ጎመን ነው?» አልኳት።

«ሰባት ዓይነት ቅጠል ነው፤ የፍራንክፈርት ሰው ይኮራበታል። ጎመን ነው እንዳይሏቸው።»

ኒደርራድ

በማግስቱ ዓርብ መሥሪያ ቤቷን ልታሳየኝ ወደ ኒደርራድ ወሰደችኝ። መንገዱ ግራና ቀኝ የመስተዋት ሕንፃ ነው። እነሰናይት የሚሠሩት መድኃኒትን በደም ሥር በኩል በልክ ለሚሰጥ የሆስፒታል ፓምፕ የሚሆን ሶፍትዌር ነው። ጥቂት ቢያንስ ሕመም፣ ጥቂት ቢበዛ ሞት የሚያመጣ ሥራ ነው።

አሠራራቸውን ቆማ አስረዳችኝ። ቡድኑ ሥራውን ሁለት ሁለት ሳምንት በሚፈጅ ክፍል ከፋፍሎ ይሠራል። በየጠዋቱ ሁሉም ከአንድ ሰሌዳ ፊት ቆመው ትናንት የሠሩትንና ዛሬ የሚሠሩትን ይናገራሉ። መቆማቸው ስብሰባው እንዳይረዝም ነው፤ ይህን ዘዴ በእኛ መሥሪያ ቤት የሚያውቅ ሰው ባለመኖሩ አዘንኩ። በሰሌዳው ጥግ በአንድ ገጿ አረንጓዴ፣ በሌላው ቀይ የሆነች ካርድ ተሰቅላለች። ጉድለት ያየ ማንኛውም ሰው፣ ትናንት የተቀጠረ ቢሆን እንኳ፣ ካርዷን ወደ ቀይ ይገለብጣል። ያን ጊዜ ሁሉም ሥራውን ያቆማል፤ ጉድለቱ ሳይታረም አዲስ ነገር አይጨመርም።

ከዚህ ሌላ የሒሳብ ማረጋገጫ አላቸው። «ታማሚው ከታዘዘለት መጠን በላይ በምንም ሁኔታ አይሰጠውም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በሒሳብ ቋንቋ ይጽፉታል። አንድ ፕሮግራም ደግሞ ፓምፑ ሊሄድባቸው የሚችሉትን መንገዶች ሁሉ እየመረመረ ዓረፍተ ነገሩ የሚፈርስበትን ቦታ ይፈልጋል። «በምንም ሁኔታ» የሚለውን ሐረግ ዕድሜዬን ሙሉ በመመሪያ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ሁኔታዎቹን ሁሉ የሚፈትሽ ግን አይቼ አላውቅም ነበር።

ከባልደረቦቿ ሄር ክሬመር፣ በእኛ አነጋገር አቶ ክሬመር፣ የሚባሉ ሽበታም ሰው ተነሥተው ጨበጡኝ። ሰናይትን ከመጀመሪያ ቀኗ ጀምሮ ያስተማሯት እርሳቸው ናቸው። ሰኞ አዲሱን ሥራ አስረክበው ጡረታ ሊወጡ ነው።

ምሳ ላይ ሰናይት ሹካዋን አላነሣችም።

«ምነው?» አልኳት።

«ዛሬ ጠዋት ማረጋገጫው አንድ መንገድ አገኘ፣ ጋሼ። ነርሷ ፓምፑን አቁማ መጠኑን ዝቅ ታደርጋለች። ከማጽደቋ በፊት ባትሪው ይቀየራል። ፓምፑ ሲነሣ ቆሞ መጠበቅ ሲገባው በራሱ በአሮጌው መጠን ይቀጥላል፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ግን አዲሱ ነው።»

«ካርዷን ገለበጥሽ?»

«አልገለበጥኩም። ያን ክፍል የሠሩት ሄር ክሬመር ናቸው። ሊሰናበቱ ሲሉ፣ በሰው ሁሉ ፊት… እጄን ይዘው ያስተማሩኝ ሰው ናቸው።»

«ሰኞስ ዝም ብትዪ?»

«ፓምፑ ወደ ሆስፒታል ይሄዳላ።»

በእኛ ወግ ለታላቅ ሰው ከባድ ነገር በአደባባይ አይነገርም፤ አስቀድሞ ሽማግሌ ይላካል። አባት ለገዛ ልጁ ሽማግሌ አይሆንም፤ አጎት ግን ይሆናል። «እኔ እሄድልሻለሁ» አልኳት። «ካርዷ ግን መገልበጧ አይቀርም፤ የምሸመግለው ስለ ሰውየው ፊት እንጂ ስለ ፓምፑ አይደለም።»

«ጋሼ፣ እዚህ አገር ያለ ቴርሚን፣ ያለ ቀጠሮ ማለቴ ነው፣ የሰው ቤት አይኬድም።»

«እንግዲያው ቴርሚን ያዢልኛ።»

ኒድ

እሑድ ከሰዓት በኋላ በትራም ሄር ክሬመር ወደሚኖሩበት ወደ ኒድ ሄድን። ኒዳ የሚባለው ወንዝ ከሠፈሩ አጠገብ ያለ ድምፅ ይፈስሳል፤ ሽማግሌዎች ውሾቻቸውን ይዘው ዳር ዳሩን ይሄዳሉ። ክራባት አስሬ፣ ነጠላዬን ከኮቴ ላይ ጣል አድርጌ ነበር። ሚስትየዋ ፍራው ክሬመር በፕለም ፍሬ የተጋገረ ኬክ አቅርበው ወንበር ሳቡልኝ። እኔ ቆምኩ። ትራስ አምጥተው ወንበሩ ላይ አደረጉ። አሁንም ቆምኩ።

«ጋሼ፣ እባክዎ ይቀመጡ፤ ወገብዎን ያመመዎት መስሏቸዋል» አለች ሰናይት ፊቷ ቀልቶ።

«ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም። ንገሪያቸው።»

ነገረቻቸው። ሄር ክሬመር ትንሽ አሰቡና እርሳቸውም ተነሡ። «ልክ ነው፤ እኛም ጠዋት ጠዋት የምንነጋገረው ቆመን ነው» አሉ። ሦስታችንም በኬኩ ዙሪያ ቆምን።

ሰናይት እንደ አባት እንደምታያቸው፣ ያስተማሯትን እንደማትረሳ፣ የመጣነው ለማሳፈር ሳይሆን ለማክበር መሆኑን በወጉ ተናገርኩ። ሰናይት በሁለት ቃል ተረጎመችው።

«ያን ሁሉ ተናግሬ ይኸው ነው?»

«የቀረውን አፍሬ ተውኩት።»

ከዚያ በወረቀት መሐረብ ላይ መንገዱን ሣለችላቸው፤ ማቆም፣ መቀነስ፣ ባትሪ፣ መነሣት። ሄር ክሬመር በጣታቸው ተከተሉት። ባትሪው ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«መቼ አገኘሽው?»

«ዓርብ ጠዋት።»

«ዛሬ እሑድ ነው።»

የሰውየው ፊት የተለወጠው ያን ጊዜ ነው። ሰናይት ተረጎመችልኝ፤ «ስሕተቱ አላስከፋኝም፤ ማረጋገጫውን ያመጣነው ስሕተት እንዲፈልግልን ነው። ያቺ ካርድ እንድትሰቀል ከአለቆች ጋር የተሟገትኩት እኔ ነኝ። ለእኔ ብለሽ አረንጓዴ ሆና ከዋለች፣ ታዲያ ምን አስተማርኩሽ?»

ሰናይት አቀረቀረች። እኔ የመጣሁት ስሕተቱ ያመጣውን ቅሬታ ላበርድ ነበር፤ የሰውየው ቅሬታ ግን በዝምታችን ነበር። «የፈራችው ስለምትወድዎ ነው» ብቻ አልኩ። ይህን ሙሉ በሙሉ ተረጎመችው።

ሄር ክሬመር እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አደረጉ። «እስከ ዛሬ ስሕተቴን በኢሜል ነው የሚልኩልኝ። አጎቱን ይዞ የመጣ የለም» አሉ።

«አሁንስ መቀመጥ ይችላሉ?» አሉ ፍራው ክሬመር። ተቀመጥን። ግራጫ ማሰሮ ውስጥ ያለ የፖም ጠጅ ተቀዳልኝ፤ ከእኛ ጠጅ ይልቅ ኮምጣጣ ነው፣ ሁለተኛው ብርጭቆ ላይ ግን ይለመዳል።

«የነገው ስንብትዎስ?» ብዬ አስጠየቅኩ።

«የስንብቱ ኬክ ይበላል፤ ፓምፑ ይቆያል። ካርዷን ግን የምትገለብጠው እርሷ ናት። እርስዎም ይምጡ» አሉ ሄር ክሬመር።

ሰኞ

ከኋላ ቆሜ አየሁ። ተራዋ ሲደርስ ሰናይት ወደ ሰሌዳው ሄዳ ካርዷን ገለበጠች። ማንም ማንንም አልገሠጸም። ሄር ክሬመር የስንብት ንግግራቸውን አሳጥረው ኬኩን ቆረሱ፤ ከዚያ ወንበራቸውን ከእርሷ ጎን አስጠግተው ከሰዓት በኋላውን ሁሉ አብረው ሠሩ። ጀርመንኛ ባልችልም፣ አንድ ጊዜ ሰናይት ራሷን ነቅንቃ የጻፉትን በጣቷ ስታሳያቸው፣ እርሳቸውም ሲያጠፉት አይቻለሁ። እናቷ ብታያት ብዬ ተመኘሁ።

ወደ ቤት

አዲስ አበባ ከገባሁ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሰናይት ደወለች። እርማቱ አልቋል፤ ፕሮግራሙ መንገዶቹን ሁሉ ዳግም መርምሮ የሚፈርስበት አላገኘም፤ ሄር ክሬመርም ጡረታቸውን ትተው ሊያዩት መጥተው ነበር። እኔም ይህን ማስታወሻ እየጻፍኩ ስለነበር የመጨረሻውን አንቀጽ አነበብኩላት። «እንግዲህ በሒሳብ የተረጋገጠ ነገር አይሳሳትም» የሚል ነበረበት።

«ጋሼ፣ እዚህ ላይ ተሳስተዋል» አለችኝ። «ማረጋገጫው የሚመልሰው የጠየቅነውን ብቻ ነው። ያልጠየቅነውን አያውቅም። ያስተካክሉት።»

ሽማግሌ አልላከችብኝም። ስልኩን እንደያዝኩ ዓረፍተ ነገሩን ሰረዝኩት።