ለቅሶ ቤት የገባው ጄት

ይህ የደረሰብኝ አምና በጥቅምት ነው። ሌላ ቦታ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ረስቼው ነበር። ነገር ግን የደረሰብኝ ለቅሶ ቤት፣ ያውም ልጃቸውን እንዲሰጡኝ በምመኛቸው ሰው ፊት ስለሆነ መቼም አይረሳኝም።

መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ሌላው ሰው በትርፍ ጊዜው ካርታ ይጫወታል፤ እኔ ቆርቆሮ እየቆረጥኩ የአውሮፕላን ሞዴል እሠራለሁ። ያን ሰሞን የጨረስኩት ከመጀመሪያዎቹ ጄቶች አንዱን ነበር፤ አፍንጫው እንደ እንስራ አፍ የተከፈተውን፣ ክንፉ ወደ ኋላ የተጣለውን። ገላው የዘይት ቆርቆሮ ነው፣ የአብራሪው መስኮት ደግሞ የውሃ ፕላስቲክ። እንዲያው ቆሞ መታየቱ አላረካኝ ሲል ሆዱን ከፈትኩና ከተበላሸ ኮምፒውተር ያወጣሁትን ማራገቢያ ከአሮጌ የሞባይል ባትሪ ጋር አስገባሁበት። ጭራው ሥር ያለችውን ማብሪያ ሲጫኗት በአፍንጫው አየር ስቦ በጭራው ይተፋል። ለማጓጓዝ እንዲመች ክንፎቹንም በብሎን የሚፈቱ አደረግኳቸው።

ችግሬ የኔታ ጥበቡ ነበሩ። የኔታ የቤተ ክርስቲያን መምህርና የፍቅረኛዬ የፋሲካ አባት ናቸው። ወሬው ደርሷቸው ኖሮ፣ «ጢም አውጥቶ በአሻንጉሊት ለሚጫወት ሰው ልጅ አልሰጥም» ብለዋል አሉ። ፋሲካ ይህን ስትነግረኝ ስቃለች። እኔ ግን ሽማግሌ ለመላክ ወኔው ከዳኝ።

የዚያን ቀን ጄቱን ደብረ ታቦር ለሚደረግ የፈጠራ ሥራ ውድድር ልወስደው ነበር። ክንፉን ፈትቼ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ የእናቴ ትልቁ አገልግል ውስጥ አስቀመጥኩትና ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መንገድ ላይ ሳለን ፋሲካ ደወለች።

«አጎቴ አያ ዋሴ አርፈው ዛሬ ሠልስታቸው ነው። አባባ ማን መጣ ማን ቀረ እያሉ ነው፤ አደራህን ብቅ በል!»

አያ ዋሴ የየኔታ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ንብ ሲያረቡ የኖሩ ሰው። ቤታቸው ከመንገዱ ዳር ስለሆነ አገልግሌን ይዤ ወረድኩ።

በእኛ አገር ለቅሶ ቤት ደጃፍ ላይ ሴቶች ቆመው የመጣውን ምግብ ይቀበላሉ። ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ እጅ ላይ ያለው ይወሰዳል። ገና «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብዬ ሳልጨርስ አንዲት እናት አገልግሉን ተቀበሉኝ።

«ኧረ ይቆዩ፣ እሱ እንኳን...»

«ግድ የለም የኔ ልጅ፣ እግዜር ይስጥህ» ብለው ይዘውት ድንኳኑ ውስጥ ገቡ።

እውነቱን ለመናገር በልቤ ደስ ብሎኝ ነበር። ባዶ እጄን ልገባ የነበርኩት ሰውዬ ባለ አገልግል ሆንኩ፤ የኔታም አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰው ዘወር ሲል ቀስ ብዬ አንሥቼው እወጣለሁ ብዬ ድንኳኑ ጥግ ተቀመጥኩ።

ሴቶቹ ግን አገልግል በአገልግል ላይ ይደረድሩ ጀመር። አንዱ ማብሪያዋን ሳይጫናት አልቀረም። ከአገልግሉ ውስጥ «ዝዝዝዝ» የሚል ድምፅ ተነሣ።

«ንብ!» አለ አንዱ።

ሰዉ ብድግ አለ። ካህናቱ ነጠላቸውን ተከናነቡ። የሟች ባለቤት እማማ ላቀች ብቻ አልሸሹም። ከቀብሩ ወዲህ እህል አልቀመሱም ነበር። እየተሳቡ ሄደው ጆሯቸውን አገልግሉ ላይ ጣል አደረጉ።

«ንቦቹ ናቸው» አሉ። «ጌታቸውን ሊሰናበቱ መጡ።» እንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

ከዚያ ወዲያማ ማን ደፍሮ ይናገር! አልቃሿ ወዲያው ተነሥታ ሙሾ አወረደች፦

«ሰውን ሰው ያረዳል፣ ንብን ማን አረዳት፣
ባገልግል ተቀምጣ እህህ ያስባላት።»

ድንኳኑ በለቅሶ ተናጋ። እኔም አለቀስኩ፤ የእኔ ምክንያት ግን ሌላ ነበር። ፋሲካ አገልግሉን አየች፣ እኔን አየች፣ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ገብቷታል።

የኔታም የንብ ሰው ናቸውና ነገሩን በእጃቸው አደረጉት። «ማንም እንዳይነካ! አውራው ንብ ገብቷል ማለት ነው። የወንድሜ ቀፎ ውስጥ እናስገባቸዋለን» ብለው በገል ላይ የሚጤስ ኩበት አስመጡ። ባዶ ቀፎም ተጠርጎ መጣ። ክዳኑን ገርበብ አድርገው ጭሱን እፍ አሉበት፣ ደግመው እፍ አሉበት። ድምፁ ምንም አልቀነሰም።

«እነዚህስ ጉዶች ናቸው! ጭስ ያልረታቸውን ውሃ ይረታቸዋል፤ በሉ ውሃ አምጡ!»

ለእውነት ስል ተናገርኩ ብል ደስ ባለኝ። ያናገረኝ ግን ውሃው ነው።

«የኔታ፣ ንብ አይደለም!»

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«ጄት ነው።»

ክዳኑን አነሡት። ጨርቁ ተንሸራቶ፣ ጄቱ ያለ ክንፉ ተጋድሞ፣ የየኔታን ጭስ በአፍንጫው እየማገ በጭራው ቡልቅ ቡልቅ ያደርገዋል። እኔ ራሴ እንዲያ አምሮበት አይቼው አላውቅም። ፋሲካ ዓይኗን ጨፈነች። ጋብቻዬ በጄቱ ጭራ ሲወጣ የታየኝ ያኔ ነው።

እማማ ላቀች ጎንበስ ብለው አዩት።

«ንብ አይደለም?»

«አይደለም እማማ። ይቅር ይበሉኝ።»

«አንተ ነህ የሠራኸው?»

«አዎ።»

ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። የሚያለቅሱ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ፤ ለካ እየሳቁ ኖሯል።

«አዬ ዋሴ! ይኸን ሳያይ ይሙት? ቀፎ እኮ ጠረጉለት!»

ቀፎውን የጠረገው ሰውዬም ሳቀ፤ ካህናቱም ነጠላቸውን ከራሳቸው አወረዱ። እማማ እየሳቁም እያለቀሱም ቁጭ አሉና፣ «በሉ እንግዲህ፣ የሚበላ ያለበትን ክፈቱልኝ» አሉ። ሴቶቹ ለማቅረብ ተሯሯጡ።

የኔታ ብቻ አልሳቁም። ገሉን ወደ ጄቱ አፍንጫ አስጠጉ፤ ከጭራው ጭስ ወጣ። አራቁት፤ ቆመ። እንደገና አስጠጉት።

«ሳልነፋ ይነፋልኛል» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ማር በቆረጥኩ ቁጥር እፍ ስል ነው ዓይኔ የተጎዳው። ይኸ እዚሁ ይቆይ።»

«የኔታ፣ ለውድድር እኮ ነው የያዝኩት...»

«ሽማግሌ ስትልክ ትወስደዋለህ።»

ፋሲካ ዓይኗን ገለጠች። እኔም ነገሩ ሲገባኝ ጄቱን እዚያው ተውኩት። ውድድሩም በዚያው ቀረ።

የአያ ዋሴ አርባ እንደወጣ ሽማግሌ ላክሁ፤ ፋሲካንም ሰጡኝ። የኔታ ጄቱን በበኩላቸው አሻሽለውታል፤ አፍንጫው ላይ የኩበት ማስቀመጫ ጣሳ፣ ጀርባው ላይ የጠፍር ማንጠልጠያ አድርገውለታል። ቀለሙ ጠቁሯል፣ መስኮቱም ቀልጧል። ባትሪው ሲያልቅ ያስጠሩኛል። መጀመሪያ ላይ ሳየው ይቆጨኝ ነበር። አሁን ግን ቀፎዎቹ መሐል ሲያጉረመርም ስሰማው ደስ ይለኛል፤ ከሠራኋቸው ሁሉ ሥራ የያዘው እሱ ብቻ ነው።

አልፎ አልፎ «የኔታ፣ ጄቱንስ መቼ ነው የምወስደው?» እላቸዋለሁ።

«ልጄን መልስና ውሰደው» ይሉኛል።

ይቆይላቸው።