ላስቲኩ ያልተነሳለት ወንበር

አባባ ልደታን ከተሳለሙ ዓመት አልፏቸው ነበር። ቤታችን ጌጃ ሰፈር ነው፤ ከዚያ ልደታ ማርያም ጤነኛ ሰው በእግሩ ሄዶ ይመለሳል። የአባባ ጉልበት ግን እምቢ አለ። ሚኒባስ ላይ ለመውጣት ሲሞክሩ ረዳቱ «ቶሎ በሉ አባት» ሲላቸው ይናደዱና ትተውት ይመለሳሉ። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ነጠላቸውን ለብሰው በራችን ላይ ይቀመጡና ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰውን ሁሉ ቅዳሴው እንዴት ነበር እያሉ ይጠይቃሉ። ይሄን ማየት አንጀቴን በላው። እኔና እህቴ ተጋግዘን መኪና ልንገዛላቸው ተነሳን፤ መንጃ ፈቃድ ስላለኝ የምነዳው እኔ ነኝ።

መኪና ሲባል የእህቴን ባል የሚቀድመው የለም። መንገድ ላይ ኮፈን ተከፍቶ ካየ ቆሞ ሳያይ አያልፍም። ያን ጊዜ ግማሹ ከተማ የሚነዳት ትንሽ የቤት መኪና አዲስ ቅርጽ ወጥቶላት ነበር። መብራቷ እንደ ድመት ዓይን ወደ ላይ ተስቧል፣ ጣሪያዋ ዝቅ ብሏል፣ ሰው ሁሉ ዞሮ ያያታል።

ከእሱ ጋር መኪና መሸጫው ግቢ ስንሄድ ሦስት መኪኖች ቆመው ጠበቁን። አንዷ አሮጌው ቅርጽ ናት። ሁለቱ አዲሱ ቅርጽ ናቸው፤ አንደኛዋ ስታንዳርድ፣ መስኮቷ በእጅ የሚዞር፣ ወንበሯ ሜዳ ጨርቅ፤ ሌላዋ ፉል ኦፕሽን፣ ቸርኬዋ የሚያብረቀርቅ፣ ወንበሯ ጎድጎድ ብሎ ሰውን ከግራ ከቀኝ የሚያቅፍ። የእህቴ ባልና የግቢው ደላላ ወዲያው ተግባቡ። የሚያወሩት ስለ መንዳት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ስለ መሸጥ ነው። ብርማ ቀለም ቶሎ ይሸጣል፣ ፉል ቶሎ ይሸጣል፣ አዲሱ ቅርጽማ ሳይውል ሳያድር ይሸጣል። ገና ሳንገዛት ሦስት ጊዜ ሸጧት።

እኔ በዚህ መሃል ፉሏ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ተቀመጥኩ ማለት ይከብዳል፣ ወደቅኩ። ለመውጣት በሩን በሁለት እጄ ይዤ ነው የተነሳሁት። በአርባ ዓመቴ እኔን እንዲህ ካደረገች አባባን ምን ልታደርጋቸው ነው አልኩ፣ በልቤ። ወርጄ «አሮጌዋ አትሻልም?» ብዬ ሞከርኩ። የእህቴ ባል ሳቀብኝ። «አንቺ ደግሞ፣ ለአባባ አሮጌ ነገር እንግዛ?» አለኝ። ደላላው ሳይቀር አየኝ። ለአባቷ ሰሰተች እንዳልባል ፈራሁና ዝም አልኩ። አባባን አምጥተን እናስሞክራቸው ማለት ደግሞ ለማናችንም አልታየንም። ለወላጅ የተገዛ ነገር በሩ ድረስ ይዘውለት ሄደው ይመረቁበታል እንጂ ና ለካው አይባልም። ያደግንበት ወግ ይሄ ነው።

ፉሏን ገዝተን በራችን ላይ አቆምናት። አባባ ሲመርቁን ምርቃቱ ማለቂያ አልነበረውም። «እግሬን መለሳችሁልኝ» አሉ፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ። የወንበሩን ላስቲክ ላነሳ ስል የእህቴ ባል እጄን ያዘኝ። «ተይው፣ ስትሸጥ አዲስ ትመስላለች» አለ። ተውኩት።

ወሩ እንደገባ ከፊት፣ ከጎኔ አስቀምጬ ወሰድኳቸው። መግባቱስ ቀላል ነበር፤ ላስቲኩ ራሱ አንሸራትቶ አስገባቸው። የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስንደርስ ግን መውጣት አቃታቸው። ከፍ ይላሉ፣ ላስቲኩ ያንሸራትታቸዋል፣ ተመልሰው ይቀመጣሉ። የወንበሩን ጠርዝ ከነላስቲኩ ጨበጡ፤ ጣታቸው ነጣ። ሕዝቡ ከቅዳሴ እየወጣ ነው፣ ጧፍ ሻጮቹ ቆመው ያያሉ። እኔ በብብታቸው ይዤ ብስብ ብስብ አልቻልኩም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሁለት የማላውቃቸው ጎረምሶች «አይዞዎት አባታችን» እያሉ አንዱ በትከሻ፣ አንዱ በእግር አድርገው አወጧቸው። ነጠላቸው መሬት ወደቀ። አራግፈው ለበሱና ተሳለሙ።

በሚቀጥለው ወር ቁልፉን ይዤ ስመጣ «ዛሬ ይበርዳል» አሉ። በሌላው ወር ወገባቸውን ያዝ አድርጓቸዋል። መኪናዋን እንለውጣት ብዬ ብነሳ «ስጦታ ይለወጣል እንዴ? ቀስ እያልኩ እለምዳታለሁ» ብለው ተቆጡ። ከዚያ ወዲያ መጠየቁንም ተውኩ፤ እኔን ላለማስቀየም ሲዋሹ መስማት አልቻልኩም። ቢሮ እመላለስባታለሁ፣ ከጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ነው። እሳቸው እንደ ድሮው በር ላይ ተቀምጠው ስለ ቅዳሴው ይጠይቃሉ።

ሁለት ዓመት ሲሆናት ሌላ አዲስ ቅርጽ ሊመጣ ነው ተብሎ ተወራ። የእህቴ ባል ዋጋዋ ሳይወርድ እንሽጣት አለ፤ ገዢም ይዞ ቤት መጣ። ሰውየው ዞሮ ዞሮ አያት፣ አንድም እንከን አጣባት። በመጨረሻ የፊተኛውን በር ከፈተ። የወንበሩ ላስቲክ ጠርዙ ላይ ተቦጫጭቋል፤ አራት ቦታ፣ ጎን ለጎን።

«ይሄ ምን ሆኖ ነው?» አለ።

የእህቴ ባል እኔን አየኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

አባባ በር ላይ ከተቀመጡበት ሆነው «ልጆች ናቸው» አሉ። «ልጅ የያዘውን ካልቦጨቀ አይሆንለትም።»

ገዢው ሳቀና በሩን ዘጋ። በዚያ ቤት የነበረው ልጅ እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔም አርባ ሁለት ዓመቴ ነበር።