ሁለቱ መተማዎች

መተማ ላይ ምግብ ቤት አለኝ። ከሱዳን በሞተር ሳይክል አቧራ ለብሰው የሚገቡ ፈረንጆች ምሳቸውን በልተው ሲያበቁ ስልካቸውን ከፍተው ፎቶ ያሳዩኝ ነበር፤ አሸዋ ላይ የቆሙ ሹል ሹል የድንጋይ ካቦች። «ለአንቺ ቅርብ ነው» ይሉኛል። እኔ ግን ከድልድዩ ማዶ ካለው ከጋላባት ገበያ አልፌ አላውቅም ነበር። ሃምሳ ሊሞላኝ ሲል፣ የሱዳኑ ጦርነት ገና ሳይነሳ፣ ጨርቅ የምትነግደው ሙስሊም ጎረቤቴ የእህቷ ልጅ ሸንዲ የሚባል የሱዳን ከተማ ላይ ልትዳር ነውና አብሬያት እንድሄድ ጠየቀችኝ።

«ድንጋዮችሽም እዚያው አቅራቢያ ናቸው» አለችኝ።

ባሌ ስነግረው ሳቀ። «ድንጋይ ለማየት ነው አገር የምታቋርጭው? ቋራ ሂጂ፣ እዚያም ሞልቷል።» ያም ሆኖ ሻንጣዬን ራሱ ተሸክሞ እስከ ድንበሩ ድልድይ ሸኘኝ።

ከገዳሪፍ ካለፍን በኋላ ዛፉ እየሳሳ ሄደ። በአውቶቡሱ መስኮት እያየሁ «አለቀ፣ ዛፍ አለቀ» እያልኩ ጎረቤቴን በክርኔ ስጎሽማት እንቅልፍ ነሳኋት።

ሰርጉ እንዳለፈ የሙሽራዋ አጎት በፒካፕ ወደ በረሃው ወሰደን። ፒራሚዶቹን ከሩቅ ሳያቸው ሳቅ ያዘኝ። ጫማዬን አውልቄ፣ እግሬ እየሰመጠ፣ የአሸዋውን ኮረብታ ወጣሁና ከጫፉ ላይ ቁልቁል ሮጥኩ። ልጆች የዳርኩ ሴት መሆኔን ረሳሁት። መሀል ላይ ቀሚሴ ጠለፈኝና እስከ ታች ተንከባለልኩ። ጎረቤቴ ላነሳሽ ብላ ስትመጣ እሷም ወደቀች፤ እዚያው ተዘርረን እንባችን እስኪወርድ ሳቅን።

አንዱ ግድግዳ ላይ አንዲት ንግሥት ተቀርጻለች፤ ዳሌዋ ሰፊ፣ ክንዷ ወፍራም፣ ጠላቶቿን በጦር ስትወጋ። ጠባቂው «ከንዳካ ናት» አለን። ቤተ ክርስቲያን ስለ ጃንደረባው ሲነበብ የምሰማት ህንደኬ መሆኗ ሲገባኝ አማተብኩ።

«አንቺን ትመስላለች» አለች ጎረቤቴ። «ሹፌሮቹ ወጥ ቤትሽ ሲገቡብሽ ልክ እንዲህ ነሽ።»

በማግስቱ አጎትየው ማዶ ያለውን ከተማቸውን ላሳያችሁ ብሎ በጀልባ አባይን አሻገረን። የከተማውን ስም ብጠይቀው «መተማ» አለ። ያሾፈብኝ መስሎኝ ነበር። ማዶ ስንደርስ ግን ጎረቤቴ አንድ ሱቅ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበችልኝ፤ እውነትም መተማ ይላል።

የአጎትየው አባት ሽማግሌ ናቸው፤ ኒም ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ተቀበሉን። ምግብ ቤቴ ውስጥ በለቃቀምኳት ዓረብኛዬ «እኔም የመተማ ልጅ ነኝ» አልኳቸው።

«ከየትኛው ሰፈር? የማን ልጅ ነሽ?»

«የለም አባቴ፣ የሐበሻው መተማ፤ ጋላባት አጠገብ። ንጉሣችን ከደርቡሽ ሲዋጉ የወደቁበት።»

ፈገግታቸው ጠፋ። «ያው የደርቡሽ ጦር ኋላ እኛም ላይ መጥቷል» አሉ። «አያቴ ያኔ ጡት አልጣለችም። ሴቶቹ ላለመማረክ ወንዙ ውስጥ ገብተው አለቁ።» በእጃቸው ውሃውን አሳዩኝ። ከዚያ የፉሉን ሳህን ወደ እኔ ገፋ አድርገው «እንግዲያ ዘመድ ነን፤ ብዪ» አሉኝ።

ገና ስጎርስ ባሌ ደወለ።

«የት ደረስሽ?»

«መተማ ነኝ» አልኩት፤ ደስታው አላናግር ብሎኛል።

ላስረዳው ስል ስልኩን ዘጋው። ከሱዳን ቁጥር ማውራቴ እንኳ አላጠራጠረውም፤ እኛ ዘንድ የሱዳን ሲም የሌለው ሰው የለም። ቆይቶ ሲደውል የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል።

«ድልድዩ ላይ ቆሜያለሁ፤ የታለሽ?»

«አባይ ዳር።»

ጎረቤቴ ተርጉማላቸው ሽማግሌው ነገሩ ሲገባቸው ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ስልኩን ተቀበሉኝ። «አትስጋ ልጄ፣ ሚስትህ መተማ በሰላም ገብታለች» አሉት። ይህን ሲሰማ ጭራሽ ግራ ገባው። ጎረቤቴ ተቀብላ በአማርኛ እስክታስረዳው ድረስ ድልድዩን ወዲያና ወዲህ እያለ ሲፈልገኝ ነበር አሉ።

ለካ ወደ ድልድዩ ሲሮጥ ለአቀባበሌ ፍየል እንዲታረድ አዝዞ ኖሯል። ከቀናት በኋላ ቤት ስደርስ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ፍየሉ ጣፋጭ እንደነበር ነገረኝ።