የተቆለፈው የዘይት ሙዳይ

ምናሴ ጥዑመ ልሳን በባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ክፍለ ከተማ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ባለ ጋራዥ ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት ሞተር ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሰው ነው። እጁን የሚያምኑ ሾፌሮች ከወረታም ከዳንግላም ይመጡለታል። ሙያውን የማያውቅለት አንድ ሰው ቢኖር አባቱ መሪጌታ ጥዑመ ልሳን ናቸው። እንዲያውም አያውቁም ማለት አይቻልም። ላለማወቅ ወስነዋል።

መሪጌታ ወደ ዘጌ በሚወስደው መንገድ፣ ሐይቁ ዳር ባለች አንዲት ደብር የቅኔ መምህር ናቸው። ዕድሜያቸው ሰማንያን ካለፈ ቆየት ብሏል፤ ዓይናቸው ግን የተማሪን ስሕተት ከሩቅ ያያል። ምናሴም ከእግራቸው ሥር ተቀምጦ ቅኔ ቆጥሯል። ልጃቸው ቢሆንም እንደ ሌላው ተማሪ «የኔታ» ሲላቸው አደገ፤ ዛሬም ሌላ መጠሪያ የለውም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው የደብሩ ጄኔሬተር ተበላሸና አባቱ አስይዘው ወደ ከተማ ላኩት። መካኒኩ ጄኔሬተሩን ሲፈታ ምናሴ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ አየ። ጄኔሬተሩ በሦስተኛው ቀን ተሠርቶ ወደ ደብሩ ተመለሰ። ምናሴ አልተመለሰም።

መሪጌታ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር። «ልጅዎ የት ነው?» ሲሏቸው «ከተማ ነው» ይላሉ። ከተማ ምን እንደሚሠራ የሚጠይቅ ደፋር ከተገኘ ስለ ዘንድሮ ዝናብ ያወሩለታል። ምናሴ በየዓመት በዓሉ በግ እየነዳ ይሄዳል፤ አብረው ይበላሉ፤ ሲነሣ ይመርቁታል። በምርቃቱ ውስጥ ዕድሜ አለ፣ ጤና አለ፣ ልጅ አለ። ሥራ የለም። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ «ሥራህን ይባርክልህ» አላሉትም። ሌላ ሰው ቢሆን ልብ አይለውም ነበር፤ ምናሴ ግን የቃል ሰው ልጅ ስለሆነ የጎደለችውን ቃል ለይቶ ያውቃታል። ታመዋለች። አርባ ሰባት ዓመቱ ነው፤ አሁንም ታመዋለች።

ምናሴ በራሱ ዘዴ ወደ ሠራው ቆርቆሮ እንምጣ። የናፍጣ ሞተር ሲያረጅ ፒስተኑን የከበበው፣ መካኒኮች ፋሻ የሚሉት የብረት ቀለበት ይበላል። ፋሻው ሲበላ የተቃጠለው ጋዝ እየሾለከ ዘይቱ ወዳለበት ወደ ታች ይወርዳል። ታፍኖ መቅረት ስለማይችል የዘይት ጭጋግ ይዞ በመተንፈሻው ቱቦ ይወጣል። ያንን ቱቦ ደግሞ መኪናውን የሠሩት ሰዎች መልሰው ከአየር መግቢያው ጋር አገናኝተውታል። ስለዚህ ሞተሩ የገዛ ዘይቱን መልሶ ይበላል። እየበላ ያጨሳል፤ የአየር መግቢያው ጥላሸት ይይዛል፤ ዳገት ላይ ይለግማል። የምናሴ ዘዴ መሐል ላይ ቆርቆሮ መግጠም ነበር። ቆርቆሮውን የሚሠራው ጊዜው ካለፈበት የመኪና እሳት ማጥፊያ ነው። ሆዱን በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ይሞላዋል፤ ጭጋጉ ሽቦውን ሲነካ ጠብታ ሆኖ ይወርዳል፤ አየሩ ብቻ ወደ ሞተሩ ያልፋል። ከሥሩ ትንሽ ቧንቧ አለችው፤ የተጠራቀመው በእሷ ይደፋል። ሌላ ምሥጢር የለውም።

መጀመሪያ የተገጠመለት ሰው ኑርሑሴን የሚባል፣ በወረታ መሥመር የራሱን ሚኒባስ የሚነዳ ሰው ነበር። ኮፈኑን ከፍቶ አየና ግንባሩን ቋጠረ።

«ይኸ ደግሞ ምንድን ነው? እሳት ማጥፊያ አይደለም እንዴ?»

«ነበር» አለ ምናሴ። «አሁን ሙዳየ ምጽዋት ነው። ጠብ ጠብ የምትለዋን ይሰበስባል።»

ኑርሑሴን ሳቀ። የሳቀበትን ነገር ለብቻው ይዞ መዋል የማይችል ሰው ስለሆነ ሙዳይ የሚለው ስም ከእሱ ቀድሞ ወረታ ገባ። በወሩ የፋሲሎ መካኒክ ሁሉ «ሙዳይ ግጠምለት»፣ «ሙዳዩ ሞልቷል»፣ «ሙዳዩን ድፋው» ይል ጀመር። ኑርሑሴን ዓርብ ዓርብ ለጁምዓ ሲዘጋጅ መኪናውንም ያጥባል፤ ያን ጊዜ ቧንቧዋን ከፍቶ ግማሽ ብርጭቆ ያህል ጥቁር ዘይት ይደፋል። ሞተሩም እንደ ጎረምሳ ይሮጣል። ምናሴ በዚህ ሁሉ አልተኩራራም ብል ውሸት ነው። ቅኔ ቤት ሳለ አንድም ቅኔው ከበር አልፎ አልተሰማለትም ነበር። ይኸኛው ወረታ ደርሷል።

ከዚያ የአባቱ ደብር መኪና አገኘች። ምእመናን አዋጥተው ያበረከቱት፣ ባለ ሁለት ጋቢና አሮጌ ፒክአፕ ነው። ሾፌሩ ጌትነት ይባላል፤ የደብሩን ደወል ሲያልፍ እንኳ ኮፍያውን የሚያወልቅ ትሑት ሰው ነው። መኪናው ዘይት እየበላ ሲያስቸግረው ወደ ምናሴ ይዞት መጣ። አብረውት ቄሰ ገበዝ ሣህሉ፣ የደብሩ ንብረት ኃላፊ፣ መጥተዋል።

ምናሴ መረመረው። ፋሻው አልቋል። «መፈታት አለበት» አላቸው።

«ከክረምት ወዲያ ይሁን» አሉ ቄሰ ገበዙ።

እስከዚያው እንዲያቆየው ምናሴ አንድ ቆርቆሮ ገጠመለት። ከሠራቸው ሁሉ የተዋበውን መረጠ፤ ብየዳውን በአሸዋ ወረቀት አለሰለሰው፤ አረንጓዴ ቀለም ቀባው። አባቱ አንድ ቀን ኮፈን ተከፍቶ ያዩት ይሆናል ብሎ ነው። ሲያስረክብም ለጌትነት አስጠነቀቀው።

«በየአሥራ አምስት ቀኑ ሙዳዩን ክፈትና ድፋ። የዚህ ሞተር ቶሎ ይሞላል። እንዳትረሳ።»

ጌትነት አልረሳም። ችግሩ የመጣው ከመርሳት አይደለም።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ጌትነት ቄሰ ገበዙ ዘንድ ቀርቦ «አባቴ፣ የመኪናውን ሙዳይ ልክፈት?» ሲል ፈቃድ ጠየቀ። ቄሰ ገበዙ ደነገጡ።

«ብቻህን? ሙዳይ ብቻውን የሚከፍት ሰው የት አይተሃል?»

እውነታቸውን ነው። በየትኛውም ደብር ሙዳየ ምጽዋት ባለ ቁልፎቹ ሦስቱም ካልቆሙ አይከፈትም፤ ሲከፈትም ቃለ ጉባኤ ይያዝለታል። መኪናው የደብሩ ነው፤ በመኪናው ላይ ያለው ሙዳይም የደብሩ ነው። ስለዚህ ቄሰ ገበዙ ወደ መኪናው ሄደው ኮፈኑን አስከፈቱ፤ ቧንቧዋን አዩ፤ ማንም እጁን እንዳያስገባባት በሽቦ ጠመጠሙና ቁልፍ አደረጉባት። ቁልፉ ትንሽ ነበር፤ ግን ቁልፍ ነበር። ከሦስቱ አንዱ፣ የደብሩ ሒሳብ ሹም፣ በዚያ ሳምንት ታመው ጎንደር ልጃቸው ዘንድ ሄደው ነበር። እሳቸው እስኪመለሱ ይጠበቅ ተባለ። ተጠበቀ። ጌትነት በወሩ ደግሞ ጠየቀ፤ «ገና አልመጡም» አሉት። ሒሳብ ሹሙ ሦስት ወር ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀር እንኳ ጎንደር ነበሩ። ይህን ሁሉ ለምናሴ የነገረው አልነበረም።

ጎርጎራ ላይ ለሚከበር በዓል አራት ሰዎች በመኪናው ተሳፈሩ፤ ቄሰ ገበዙ፣ ሁለት ካህናትና ከፊት ወንበር መሪጌታ ጥዑመ ልሳን። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ማክሰኝትን አልፈው ዳገት ጀመሩ። ምናሴ በዚያች ሰዓት ከአንድ ባጃጅ ሥር ተጋድሞ ነበር። ስልኩ ጮኸ።

«ጋሼ ምናሴ! መኪናው አብዷል!» የጌትነት ድምፅ ነው። «ቁልፉን ነቅየዋለሁ፤ እጄ ላይ ነው፤ እሱ ግን ይጮኻል!»

ምናሴ ከጌትነት ድምፅ በስተኋላ የሞተሩን ጩኸት ሰማ፤ ነገሩ ገባው። ቆርቆሮው ሞልቶ ወደ አየር መግቢያው ገልብጧል። የናፍጣ ሞተር ዘይት መብላት ከጀመረ ቁልፍም ነዳጅም አያስፈልገው፤ እየፈጠነ ይበላል፤ በመጨረሻ ራሱን ሰባብሮ ይበትናል።

«አምስተኛ ማርሽ አስገባ፣ ፍሬን ረግጠህ ፍሪሲዮኑን ባንዴ ልቀቅ!»

«እኔ እኮ ወርጃለሁ።»

«ምን ያህል ርቀሃል?»

ጌትነት ለክቶ ይሁን ገምቶ አይታወቅም፤ ትንሽ ቆይቶ «አርባ እርምጃ» አለ። «የእጅ ፍሬን ይዣለሁ፤ ኮፈኑንም ከፍቻለሁ። ካህናቱም ወርደዋል። ቄሰ ገበዝ ከዛፉ ሥር ሆነው ድርሳን እየደገሙበት ነው።»

«የኔታስ?»

«የኔታ እዚያው ናቸው። ጉልበቴ አይሮጥም ብለው መኪናውን ተደግፈው ቆመዋል።»

ምናሴ ከባጃጁ ሥር ሲነሣ ግንባሩን መታው፤ አልተሰማውም። ያ ሞተር ቢበተን ብረቱ ማንን እንደሚያገኝ ያውቃል። ስልኩን እንዲሰጣቸው ጮኾ አዘዘው። ጌትነት አርባውን እርምጃ ተመልሶ መሄዱ ሊመሰገንበት ይገባል።

«እህ» አሉ መሪጌታ፤ ጩኸቱ መሐል ድምፃቸው እንደ ወትሮው ነበር። «ምን ላድርግ?»

በሕይወቱ አባቱ ይህን ጠይቀውት አያውቁም። ለመደነቅ ግን ጊዜ አልነበረም።

«ኮፈኑ ሥር በቀኝ በኩል ጥቁር ሳጥን አለ፣ የኔታ። ከሳጥኑ የሚወጣ ክንድ የሚያህል ቱቦ አለ፤ ጫፉ ክፍት ነው።»

«አየሁት። ይተነፍሳል።»

«አፉን በጨርቅ ይወትፉት። ጠበቅ አድርገው። እጅዎን እንዳያስገቡ!»

«ምን ጨርቅ አለ እዚህ?»

«ያገኙትን ይወትፉበት!» ብሎ ጮኸባቸው። በአባቱ ላይ ሲጮኽ የመጀመሪያው ነው።

ስልኩ ውስጥ ሞተሩ ብቻ ይጮኽ ነበር። ከዚያ ድምፁ ተንቀጠቀጠ፤ ሁለት ጊዜ እንደ መሳል አለ። ጸጥ አለ። ምናሴ ስልኩን ጆሮው ላይ ደቅኖ ቆመ፤ ለመጠየቅ ፈራ።

«ሞተ» አሉ መሪጌታ። «ጥምጥሜን ግን በላው።»

ፒክአፑ በማግሥቱ በጭነት መኪና ተጭኖ ባሕር ዳር ገባ። ምናሴ ኮፈኑን ሲከፍት ከአየር መግቢያው ስድስት ክንድ ነጭ ሻሽ በጥላሸት ጠቁሮ ተንጠልጥሎ አገኘ። አረንጓዴው ቆርቆሮ እስከ አፉ ሞልቷል። ቧንቧዋን ሊከፍት ጎንበስ ሲል ቁልፉን አየው። የቅኔ ቤት ልጅ ነውና ማንም ሳይነግረው ገባው።

በሦስተኛው ቀን ቄሰ ገበዙና ጌትነት ውጤቱን ሊሰሙ መጡ። ከኋላቸው በጭንቅላታቸው ላይ ቆብ ብቻ የደፉ፣ መቋሚያ የያዙ ሽማግሌ ገቡ። መሪጌታ ጥዑመ ልሳን በሃያ ስምንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የልጃቸውን ጋራዥ ደፍ ረገጡ። ምናሴ እጁን ጠርጎ ጉልበታቸውን ሳመ። ከዚያ ምን እንደሚያደርግ ጠፋው።

«የአንተ ሙዳይ ነው ጉድ የሠራን» አሉ ቄሰ ገበዙ።

«በየአሥራ አምስት ቀኑ ይደፋ ብየ ነበር።»

«ብለሃል። ጌትነትም ነግሮናል። ታዲያ ሙዳይ ሳይቆለፍ ይውላል እንዴ? ባለ ቁልፎቹ ሳይሟሉስ ይከፈታል?»

ምናሴ ጌትነትን መውቀስ ይችል ነበር። ቄሰ ገበዙንም መውቀስ ይችል ነበር፤ ጋራዡ ውስጥ ያሉት መካኒኮች ሁሉ ይፈርዱለታል። መሪጌታ ግን መሬት መሬት እያዩ ነበር፤ ተማሪ ሲሳሳት ከመናገራቸው በፊት እንዲህ ያደርጋሉ።

«ሙዳይ ያለው ማን ነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ የኔታ።»

«ሰሙን ሰጠኻቸው» አሉ መሪጌታ። «ወርቁን ለራስህ አስቀረኸው። እነዚህ ሰዎች ሙዳይ ሲባሉ የሚያውቁትን ሙዳይ ጠበቁ። ምን በደሉ?»

«ምንም አልበደሉም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

ይህን ሲል አልከበደውም። ተግሣጹ ከኀፍረቱ ጋር ሌላ ነገር አመጣለት፤ ትምህርቱ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ላይ ከተቋረጠ ወዲህ አባቱ ሥራውን አርመውለት አያውቁም ነበር። የማይታወቅ ሥራ አይታረምም።

መሪጌታ ወደ መኪናው ተጠጉ። ቆርቆሮው ተፈቶ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ሽቦው ወጥቷል፤ አጠገቡ የተበላው ፋሻ በጨርቅ ላይ ተደርድሯል። አንዱን ፋሻ በጣታቸው አንሥተው ወደ ብርሃኑ ያዙት።

«ይኸ ያለቀ ነው?»

«ያለቀ ነው።»

«እኔ አላየሁበትም። አንተ በምን አወቅህ?»

ምናሴ ወንበር አቀረበላቸው፤ አልተቀመጡም። መቋሚያቸውን ለጌትነት ሰጡት። ከዚያ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ተማሪ መምህሩ ፊት ሲቆም እንደሚያደርገው በወገባቸው አደገደጉ። ቄሰ ገበዝ ሣህሉ ይህን ሲያዩ ሳይጠሩ ወደ ኋላ ሸሸት አሉ።

«ከሥሩ ጀምረህ ንገረኝ» አሉ መሪጌታ። «እንዳትቸኩል፤ አርጅቻለሁ።»

ምናሴ ከተበላው ጋር አስተያይቶ ሊያሳያቸው አዲስ ፋሻ ፍለጋ ወደ መደርደሪያው ሄደ። መሪጌታም እጃቸውን አጣጥፈው፣ ቆመው ጠበቁት።