ፍራሽ ሥር ያደረው ሽማግሌ

ቴምብር በውኃ ርሶ ከፖስታው ላይ ሲላቀቅ የሚሸተው ሙጫ እስከ ዛሬ ይናፍቀኛል። ልጅ እያለሁ፣ ልደታ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ስንኖር፣ እማዬ አሜሪካኖች ቤት ልብስ ታጥብ ነበር። እነሱ የጣሉትን ፖስታ ሰብስባ ታመጣልኛለች፤ እኔ በሳህን ውኃ እዘፈዝፈዋለሁ፤ ቴምብሩ ሲለቅ መስኮቱ ደፍ ላይ አሰጣዋለሁ። ሰዎቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱም ጥቂት ፖስት ካርዶች ሰጥተዋት ሄዱ።

"የድሮ ንጉሦቻቸው ናቸው አሉ" ትለኝ ነበር፤ ፕሬዚዳንት የሚለው ቃል አይመጣላትም። እኔም በየመልካቸው ስም አወጣሁላቸው። ፀጉሩን እንደ ሴት ወደ ኋላ ያሰረው "ሙሽሪት"፣ ባለ መነጽሩ "ዲሬክተር"። ከሁሉም የምወደው ግን ፖስት ካርዱ ላይ ያለውን፣ ጉንጩ የጎደጎደውን ጢማም "ሽማግሌ" ነበር። አይናፋር ስለነበርኩ ከሰፈር ልጆች ጋር ሰኞ ማክሰኞ ከመጫወት ለእሱ ማውራት ይቀለኛል።

ከዚያ የፍተሻ ወሬ መጣ። የአሜሪካ ነገር ቤቱ የተገኘበትን ሰው "የኢምፔሪያሊስት ቅጥረኛ" እያሉ ይወስዱታል ተባለ። እማዬ የብስኩት ቆርቆሮዬን ከፍታ ቴምብሮቹንና ካርዶቹን ከሰል ምድጃው ላይ ጣለቻቸው። ድምፅ ሳላሰማ አለቀስኩ። ሽማግሌው ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

"አባቴን ቁርጥ!" አለችና ፍራሹ ሥር ከተተችው።

በማግስቱ ጎረቤታችን ጋሽ ደምሴ፣ የቀበሌው አብዮት ጠባቂ፣ ከአንድ ወጣት ጓዳቸው ጋር ጠብመንጃ አንግተው መጡ። ወጣቱ ፍራሹን ገለበጠው።

"ይሄ ማነው?"

እማዬ መሬት መሬት አየች። ጋሽ ደምሴ ካርዱን ተቀብለው ወደ በሩ ብርሃን ወሰዱት፤ ጀርባውን ገልብጠው የፈረንጁን ጽሑፍ አነበቡ። ከዚያ ወደ ወጣቱ ዞሩ። ያኔ በየአደባባዩ የሶሻሊዝም አባቶች የሚባሉት ጢማሞች ሥዕል ተሰቅሎ ነበር።

"አንተ ደግሞ! ጢሙን አታይም? አደባባይ ከተሰቀሉት አንዱ ነዋ!"

"ታዲያ ለምን ደበቁት?"

"አይጥ እንዳይበላባቸው! የዚህን ሰፈር አይጥ አታውቅም እንዴ?"

ካርዱን እጄ ላይ አስቀምጠው ወጡ።

ከዚያ ወዲያ ቦኖ ውኃ ስቀዳ ባገኙኝ ቁጥር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ያ ሽማግሌ ደህና ነው?" ይሉኛል። አንገቴን ደፍቼ ፈገግ እላለሁ እንጂ አንድም ቀን መልሼላቸው አላውቅም። እማዬ "ተዉአት፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" ትል ነበር፣ ሰው በዝምታዬ ሲቀልድብኝ።

ዛሬ የአደባባዮቹ ጢማሞች ወርደዋል። የእኔው ግን ግድግዳችን ላይ በግልጽ ተሰቅሏል፤ ማነው ብሎ የሚጠይቅም የለም። ጋሽ ደምሴን ጎረቤቱ "የቀበሌ ሰው ነበሩ" እያለ ስለሚሸሻቸው ደጃፋቸው ላይ ብቻቸውን ፀሐይ ይሞቃሉ። ያኔ የሰዉን በር ሁሉ ያንኳኩ ነበር፤ አሁን የእሳቸውን የሚያንኳኳ ጠፋ።

ባለፈው እሁድ ቆሎ ይዤላቸው ሄድኩ። ዓይናቸው ደክሟል፤ በእርምጃዬ ነው መሰለኝ ያወቁኝ።

"ያ ሽማግሌ ደህና ነው?" አሉኝ፣ እንደ ድሮው ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ደህና ነው፣ ጋሼ! እርስዎስ?" አልኳቸው፣ ጎረቤቱ ሁሉ እስኪሰማ ጮክ ብዬ።