በክሳቴ የተደበደበች ሴት

ለባለቤቴ አልነገርኋትም። ለንስሐ አባቴም ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር ይህን እየዘለልሁ ኖሬአለሁ። አንባቢ ሆይ፣ ይህ ነገር ከእኔ ሲወጣ የመጀመሪያው ሰሚ አንተ ነህ፤ የምትፈታኝም የምታስረኝም አንተ እንደ ሆንህ ቆጥሬ እጽፋለሁ።

አስቀድሜ የማውቀውን ከምን እንደማውቀው ልናገር። ዕድሜዬን በጥናት ሥራ የጨረስሁ ሰው ነኝና ያለ ምንጭ መናገር አልወድም። በእጄ ያለ ጽሑፍ አንድ ደብተር ብቻ ነው፤ በየቅዳሜው የሰውነቴን ክብደት የጻፍሁበት። ባለቤቴ የሺ ከመሞቷ በፊት አልፎ አልፎ የጣለችልኝ ቃል አለ፤ ወንድሟ ፈንታሁን የነገረኝም አለ። የቀረው ትዝታዬ ነው። ትዝታዬን ደግሞ አላምነውም። ያን ዕለት ዝናብ ይዘንብ እንደ ነበር ለሃያ ዓመት ስምል ኖሬ፣ በቅርቡ ደብተሩን ብገልጠው ወሩ ጥር ነው። በጥር የፎገራ ሜዳ ተሰነጣጥቆ አቧራው ይጨሳል እንጂ አይዘንብበትም። በዚህ የተሳሳትሁ በሌላውም ተሳስቼ ይሆናል። በአንዱ ነገር ግን አልተሳሳትሁም፤ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ዕድሜዬ አርባ ስምንት ነበር። ትምህርቴን ጨርሼ ወደ ወረታ የተመለስሁት ገበሬው ረግረጉን መሬት በሩዝ እንዲያለማ ለማስተማር ነው። ሩዙ ለመሬቱ ተስማማው፤ ለእኔም ከሚገባው በላይ ተስማማኝ። ጣራ ገዳም ልሳለም ስወጣ ትንፋሼ ተቆርጦ መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ተቀመጥሁ። ያየኝ ሐኪም «ሆድዎን ካልቀነሱ ልብዎ አይችልዎትም» ብሎ አሰናበተኝ፤ መድኃኒትም አላዘዘልኝም።

ማንንም ሳላማክር በገዛ መንገዴ ጀመርሁ። ራት ተውሁ፤ የሺን «ሥራ ቦታ በልቻለሁ» እላታለሁ። ጠላ ተውሁ። ቅቤ ተውሁ። ወደ ማሳ የምሄደው በእግሬ ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሩዝ መፈልፈያው ቤት እገባና ኩንታል የሚመዘንበት ሚዛን ላይ እወጣለሁ። ባለ ወፍጮው ቀልደኛ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ቁጥሩን አይቶ፣ «ጋሼ፣ ኸኩንታል አልፈዋል! ጆንያ ውስጥ ልስፋዎት ወይስ እንዲያው ይጫኑ?» ብሎ ተሸካሚዎቹን ሁሉ አሳቃቸው። እኔም ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን አረረ። ያ ሳቅ ነው መሰለኝ ወደፊት የነዳኝ።

የከበደኝ ምሳ ነበር። የሺ ምሳዬን በአገልግል ቋጥራ ታስይዘኛለች፤ አገልግሉ ባዶውን ካልተመለሰ ታኮርፋለች። በእኛ ዘንድ ባሏ የከሳባት ሴት አላበላችውም ተብላ ትታማለችና አልፈርድባትም። እውነቱን ብነግራት ምን ነበረበት? ጾም ሳይሆን፣ እህል ሞልቶ ሳለ፣ ሆን ብሎ ራሱን የሚያስርብ ሰው እብድ እንጂ ሌላ ስም አልነበረውም። አፈርሁ። ከዚህ ከማፈሬ ነው ሁሉም የመጣው።

ወደ ማሳው በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከገበሬዎቹ ቤት ፈንጠር ብሎ፣ ትርንጎ የምትባል ሸክላ ሠሪ ብቻዋን ትኖር ነበር። ባሏ ሞቶባታል፤ ድስትና እንስራ እየሠራች ገበያ ታወጣለች። አገልግሌን ለእሷ መስጠት ጀመርሁ። እሷ እፍኝ ሽምብራ ወይም የተቀቀለ ጎመን ትሰጠኛለች፤ እበላና አገልግሌን ባዶውን ይዤ እሄዳለሁ።

«ኧረ ጋሼ፣ ይሄን የመሰለ ወጥ ለእኔ ጥለው ሽምብራ ይቆረጥማሉ? እትዬ የሺ ቢሰሙ በገዛ ድስቴ ነው የሚፈነክቱኝ!» ትለኝ ነበር።

«ለማንም እንዳትናገሪ» አልኋት።

«እኔ ደግሞ ለማን እናገራለሁ? ማን ያናግረኛል? እመ ብርሃንን፣ ኸእኔ አፍ አይወጣም።»

እንዲህ ሆኖ ክረምቱ አለፈ። ፍልሰታ ሸፈነችኝ፤ ኋላም ጾመ ነቢያት ሸፈነኝ፤ የሚጾምን ሰው ለምን ከሳህ የሚለው የለም። ከገና በኋላ ግን መሸፈኛ አጣሁ። ሱሪዬ በገመድ ካልታሰረ አልቆም አለ፤ ጉንጬ ገብቶ አጥንቴ ወጣ። ወረታ የከባድ መኪና መተላለፊያ ናት፤ በዚያ ዘመን የከሳ ወንድ ሁሉ በሽታው አንድ ብቻ ነበር፣ ማንም ስሙን የማይጠራው። የጠጣሁበትን ብርጭቆ ቤተ ዘመድ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ሲያጥበው አየሁ። አንዲት ጎረቤት የሺን «እህቴ፣ አንችም ተመርመሪ» አለቻት። የሺ ያን ቀን ገብታ አገልግሉን ግድግዳው ላይ ፈጠፈጠችው። «ገደልኸኝ! ምን ይዘህ ገባህብኝ?» ብላ ደረቴን በቡጢ መታችው፤ ፊቴን ቧጠጠችው። ሄጄ ተመረመርሁ፤ ነጻ ነህ ተባልሁ። ወረቀቱን አሳየኋት። ለአገሩ ሁሉ ግን በየደጁ ወረቀት ይዤ አልዞርም።

«ታዲያ ምንድን ነው እንዲህ የሚጨርስህ?» አለችኝ።

«አላውቅም» አልኋት።

አላውቅም አልሁ። እኔ በየቅዳሜው የምመዘን፣ በደብተር የምጽፍ፣ እያንዳንዱ ኪሎ በየትኛው ጉርሻ እንደ ጠፋ የማውቅ ሰው፣ አላውቅም አልሁ።

የጥር ሚካኤል ዝክር በፈንታሁን ቤት ነበር። ከዋዜማው ቀትር ጀምሮ እህል አልቀመስሁም ነበርና ጸበል ጸዲቁ እስኪባረክ ቆሜ ሳለሁ ዓይኔ ጨለመብኝ። ስነቃ ደረቴ ላይ የፈንታሁን ጉልበት ነበር። ሁለት ሰዎች ክንዴን ረግጠው ይዘዋል፤ ሌላው መንጋጋዬን ፈልቅቆ የሚነድ የመድኃኒት ሥር ከአፍንጫዬ አጠገብ ያጨሳል። ሳንባዬ ተቃጠለ።

ከሌላ አገር የመጣህ አንባቢ ብትሆን ላስረዳህ። ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ በዓይኑ ሰው ይበላል፣ ቡዳ ነው የሚል እምነት በእኛ ዘንድ የቆየ ነው። የተበላው ሰው ሲታጠን የበላው መንፈስ በእሱ አንደበት ይለፈልፋል፣ ስሙንም ይናገራል ይላሉ። እኔ ይህ ሐሰት መሆኑን አውቃለሁ። በስብሰባ ቆሜ፣ በእነዚሁ ሰዎች ፊት፣ ሐሰት ነው ብዬ አስተምሬአለሁ።

«ማን ነሽ? ኸየት መጣሽ? ተናገሪ!» ይላል ፈንታሁን። በጥፊ ያጮለኛል። «ልቀቂው! ስምሽን ተናገሪ!»

«ኸዚያች ሸክላ ሠሪ ደጅ በየቀኑ ሲወጣ አይተነዋል» አለ አንዱ።

«ትርንጎ ነሽ?»

ዝም ብል ይበቃ ነበር። መሳል ይበቃ ነበር። ተነሥቼ «ራበኝ፣ በፈቃዴ ራበኝ» ብል ሳቅ ብቻ ነበር የሚከተለኝ። በዚያች ቅጽበት የታየኝ ግን ያ ሦስት ጊዜ የሚታጠበው ብርጭቆ ነው። ቡዳ የበላው ሰው ይታዘንለታል፤ ያ ሌላው በሽታ የያዘው ግን ይሸሻል። በዚያች ቅጽበት ስሜን አተረፍሁና እሷን ጣልሁ።

«ትርንጎ ነኝ» አልሁ።

ሳልቃዥ፣ ነቅቼ፣ ቃሉ በምላሴ ላይ ሲዞር እየሰማሁት ትርንጎ ነኝ አልሁ። የመጀመሪያው ዱላ ይህ ነው። የቀረውን ዱላ ሌሎች ያነሡት ከዚህ በኋላ ነው።

አምስት ወይም ስድስት ሆነው ወጡ፤ ቁጥሩን አላረጋግጥም። በደጇ የሆነውን በዓይኔ አላየሁም፤ ፈንታሁን ነው የነገረኝ። ፀሐይ ላይ የተሰጡትን ሸክላዎች በእግራቸው አደቀቋቸው። እሷ ጭቃ እያቦካች ነበር፤ በጭቃማ እጇ ፊቷን ስትከልል በሽመል እጇን መቷት፤ ጣቶቿ ተሰበሩ። በጸጉሯ ጎትተው አስወጧት፤ ወገቧን በእርግጫ አሉት። ጎጆዋን ለኮሱት። ጭሱን በተኛሁበት አሸተትሁት፤ የምን ጭስ እንደ ሆነም አወቅሁ። ተነሣሁ? አልተነሣሁም።

ከዚያ ወደ እኔ አመጧት። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። የበላችው እንትፍ ካለችበት የተበላው ይድናል ይባላልና ያመጧት እንድትተፋብኝ ነው። ቅንድቧ ተተርትሮ አንድ ዓይኗ በደም ተደፍኗል፤ እጇ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። በፊቴ በጉልበቷ ጣሏት።

«እንትፍ በይበት! ልቀቂው!»

አላለችም። ፈንታሁን በሽመሉ ጫፍ ትከሻዋን ወጋት። ወደቀች፤ በአንገቷ አነሧት። «በይ አልሁሽ እኮ፣ አንች የሰው ጅብ!» በደረቷ ላይ ተረገጠች፤ የአጥንት ድምፅ የሰማሁ ይመስለኛል፤ ምናልባት እንጨት ነበር። ከሰላሳ ሰው አንድ ተው ያለ አልነበረም። ከሰላሳው አንዱ እኔ ነበርሁ። ከሰላሳው እውነቱን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርሁ።

በመጨረሻ አየችኝ። በዚያ በቀረው ዓይኗ አየችኝና እንትፍ አለች። ምራቅና ደም ጉንጬ ላይ አረፈ።

«ተለቀቀ! እልል በሉ!» ተባለ። ሴቶቹ እልል አሉ። የሺ እልል አለች። እኔ ጉንጬን ሳልጠርግ «ውሃ» አልሁ፤ ውሃ መጣልኝ። ቀጥሎ እንጀራ መጣልኝ። ሰው ሁሉ እጄን ያይ ነበር።

በላሁ።

ይህ ስሟን ከመጥራቴ የከፋ ነው፤ ስሟን በአንዲት ቅጽበት ነው የጠራሁት፤ የበላሁት ግን ወራት ሙሉ ነው። በማግሥቱ በላሁ። ራት በላሁ። ቅቤውን ጠጣሁ። በየቤቱ እየተጠራሁ ጎረስሁ፤ ሦስተኛውን ጉርሻ አልመለስሁም። ሰው ጉንጬ ሲሞላ እያየ «አየህ? እሷ ናት! ኸለቀቀችው ወዲህ ሰው ሆነ» ይል ነበር። በሰኔ እንደ ገና ሚዛኑ ላይ ስወጣ ወደ ቀድሞው ክብደቴ ተመልሼ ነበር፤ ደብተሩ ይመሰክራል፤ ከዚያ በኋላ ገጹ ባዶ ነው። እያንዳንዱ ኪሎ በእሷ ላይ የተሰጠ ምስክርነት ነበር፤ ምስክሩ እኔ ነኝ። ብከሳ ኖሮ፣ ከስቼ በአደባባይ ብቆም ኖሮ፣ ንጹሕ መሆኗ ይታወቅ ነበር። ቀላል ነበር። አለመብላት ብቻ ነበር። አለመብላትን ደግሞ ከማንም ይልቅ እኔ እችልበት ነበር።

እሷ በሳምንቱ በጭነት መኪና ወደ ደብረ ታቦር አቅጣጫ ሄደች። የሚከስላት አልነበረም፤ ሽማግሌም አልተቀመጠላትም። በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም። ፈልጌአታለሁ ልል ነበር፤ አልፈለግኋትም። ሁለት ጊዜ መኪና ላይ ተሳፍሬ ሁለቱንም ጊዜ መንገድ ላይ ወርጃለሁ።

ይቅርታ ከአንተ አልለምንም፤ ይቅር ማለት የምትችለው እሷ ብቻ ናት። ተምሬ ነበርና አላዋቂ ነበርሁ አልልም። ፈርቼ ነበር ብልም ፍርሃቴ የእኔ ነው፤ ጣቶቹ ግን የእሷ ናቸው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ እውነት ይሁን አይሁን ያላረጋገጥሁት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፈንታሁን በሰርግ ቤት ሞቅ ብሎት አጠገቤ ተቀመጠና እንዲህ አለኝ፦ «ያች ሴትዮ እኮ፣ ጋሼ፣ በደጇ ስንመታት አንድ ቃል ብቻ ነው የወጣት። ‹እሱን ጠይቁት› አለች። ደጋግማ ‹እሱን ጠይቁት› ትላለች። ምን ማለቷ ነበር?» እኔ አላውቅም አልሁት። በማግሥቱ ሳይጠጣ አግኝቼ ብጠይቀው እንዲህ ያለ ነገር አልነገርሁህም ብሎ ካደኝ። የሺን ጠየቅኋት፤ ከሩቅ ከሚሰማው ጩኸት በቀር ምንም አልሰማሁም አለች፤ ይህን ስትለኝ ግን ፊቴን አላየችም። ከዚያ ቀን ሰዎች ዛሬ የቀረ የማውቀው ሰው የለም። እንዲያ ብላ እንደ ነበር፣ እኔን ጠይቁት ብላ እንደ ነበር፣ ማረጋገጥ አልቻልሁም።