በጨለማ የሚነጋላቸው ሸርጣኖች

የቤተ ሙከራው ሰዎች «የሸርጣኖቹ እናት» ይሏታል። ሥራዋ የፀሐይ ብርሃን ድርሽ በማይልበት ክፍል ውስጥ ሸርጣኖቹን መመገብና ውሃቸውን መለወጥ ነው። በደብዛዛ ቀይ መብራት ከገንዳ ገንዳ ስትል ትውላለች።

ባሏ የማለዳ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ወፍ ሳይንጫጫ፣ ያለ ደወል ይነሳል፤ ባልደረቦቹም «አውራ ዶሮ» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ከፈሰሰ ወዲህ ግን ቀንና ሌሊቱ ተደበላለቀበት። ቀኑን ሙሉ ያንኮራፋል፤ ሌሊት ለሥራ ለባብሶ መንገድ ይወጣል። ልጃቸው «መኪና ሳይገጨው መጦሪያ እናስገባው» ብላ እናቷን ወጥራ ይዛታለች።

የእናትየዋ ሆድ ግን አልጨክን አለ። ችግሩ ከዓይኑ ነው፣ ብርሃን በደንብ ቢገባለት ይስተካከላል ብላ የመኝታ ቤቱን መጋረጃ አወለቀች። የዓይን ሐኪም ዘንድም ወሰደችው። ሐኪሙ ዓይኑ ፍጹም ጤነኛ ነው ሲላት በደስታ የምትሆነውን አጣች። እንግዲያው ይድናላ!

ሥራ ስትገባ ይህንኑ ሸርጣኖቹን ለምታጠናው ወጣት ተመራማሪ አበሠረቻት። ልጅቷ ፊቷ ጠቆር አለ፤ ወደ ዳሩ ገንዳ ወሰደቻት። የሌሎቹ ሸርጣኖች ዓይን በዚያ ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ እንኳ ሲመሽ ለሌሊት፣ ሲነጋ ለቀን ይሰናዳል፤ ሰዓቱን የሚነግረው አንጎላቸው ነው። የዚህኛው ሸርጣን ግን ከአንጎሉ ወደ ዓይኑ የሚሄደው ነርቭ ለጥናት ተቆርጧል።

«ዓይኑ ምንም አልሆነም፣ እትዬ» አለቻት። «የሚነግረውን ነው ያጣው።»

«መልሶ አይገጠምም?»

«አይገጠምም።»

ሸርጣኑን እንደ ወትሮው አበላችው። አለቀሰችም። ለማልቀስስ ያ ክፍል ደግ ነው፣ ማንም አያይም። ከዚያ ወጥታ ለልጇ ደወለችና እሺ አለቻት። መጦሪያውም ነገ ጠዋት መጥተን እንወስደዋለን አለ።

ቤት ስትደርስ ቀትር ነበር። ፀሐዩ መጋረጃ በሌለው መስኮት ገብቶ የባሏ ፊት ላይ አርፏል። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ስትል ነቃ፤ ዓይኑን ገልጦ ብርሃኑን ትክ ብሎ አየ።

«ነጋ እንዴ?» አላት።

በትዳር ዘመናቸው ሁሉ መንጋቱን የሚነግራት እሱ ነበር። ዋሽታውም አታውቅም።

«ገና ነው» አለችው፤ «ተኛ።»